ከስድስት ኪሎ አጥር ሥር የተሰሙ የተሳሳቱ አመለካከቶች እና እውነታው

ስድስት ኪሎ፣ አጥሩ ሥር ጀበና ቡና የምትሸጥ ልጅ አለች። ጠዋት ጠዋት እዚያ በርጩማ ላይ ተቀምጬ አንድ ስኒ ሳልጠጣ ሥራ አልገባም። ብዙ ጊዜ ከጎኔ የሚቀመጡ አንድ ጋሼ አሉ። ሰባ አልፏቸዋል። እዚሁ ሰፈር ተወልደው እዚሁ ያረጁ ሰው ናቸው። ባለፈው ሰሞን ወደ አዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ በር በአገጫቸው እያመለከቱ፣ «ተማሪ ይገባል፣ ተማሪ ይወጣል። ከዚያ ወዲያ እዚህ ግቢ ምን እንደሚሠራ አንድ እግዜር ይወቀው» አሉኝ። የግቢው ምሩቅ ነኝና ነገሩ ከነከነኝ። ከአቦል እስከ በረካ ተከራከርን።

«ዩኒቨርሲቲው የተወለደው እዚሁ ነው»

የተወለደውስ አራት ኪሎ ነው፣ ሳይንስ ፋካልቲ የምንለው ግቢ። በ1943 ዓ.ም. የዩኒቨርሲቲ ኮሌጅ ተብሎ ሥራ ሲጀምር ተማሪዎቹ 33 ነበሩ። የዛሬ አንድ ክላስ አይሞሉም። ስድስት ኪሎ በዚያን ጊዜ የንጉሡ ገነተ ልዑል ቤተ መንግሥት ነበር። በ1953 የታኅሣሥ ግርግር፣ ጃንሆይን ለመገልበጥ በተሞከረው መፈንቅለ መንግሥት ጊዜ፣ ታግተው የነበሩት መኳንንትና ሹማምንት የተገደሉት እዚሁ ነው። በዓመቱ ጃንሆይ ቤተ መንግሥቱን ለዩኒቨርሲቲው ሰጡት። አሁን ደግሞ ግቢው አንድ አይደለም። አምስት ኪሎ ቴክኖሎጂው፣ ልደታ ሕንፃ ኮሌጅ፣ ቢሾፍቱ የእንስሳት ሕክምናው አሉ። ጥቁር አንበሳም የዚሁ ዩኒቨርሲቲ ማስተማሪያ ሆስፒታል ነው። ይህን ስነግራቸው ጋሼ አላመኑኝም።

«ምርምራቸው ወረቀት ላይ ይቀራል»

ጋሼ የሚወዱት ክርክር ይኼ ነው። «ጠርዘው መደርደሪያ ላይ ይደረድሩታል» ይላሉ። ግማሹ እውነት ነው። የኔን መመረቂያ ጽሑፍ አቧራውን አራግፎ ያነበበ ሰው ካለ ቡና እጋብዘዋለሁ። አሁን እንኳ ብዙዎቹ ጽሑፎች የዩኒቨርሲቲው ድረ ገጽ ላይ በነጻ ስለሚገኙ በስልክ አውርዶ ማንበብ ይቻላል።

የእንዶዱ ታሪክ ግን ሌላ ነው። እ.ኤ.አ. በ1964 ዶክተር አክሊሉ ለማ አድዋ ውስጥ ወንዝ ዳር ሆነው ቢልሃርዚያን እያጠኑ ነበር። በሽታውን የሚያዛምቱት ውሃ ውስጥ የሚኖሩ ቀንድ አውጣዎች ናቸው። ወንዙ ላይ ሴቶች በእንዶድ ልብስ ያጥባሉ። እናቶቻችን ሳሙና እንደ ልብ ሳይገኝ ነጠላና ጋቢ ያነጡበት ያው እንዶድ ነው። ዶክተሩ ልብ ብለው አዩ። አረፋው በሚወርድበት በኩል ቀንድ አውጣዎቹ ሞተው ይንሳፈፋሉ። ከሴቶቹ ወደ ላይ ያሉት ደግሞ በሕይወት አሉ። ስንት ሰው በዚያ ወንዝ አልፏል! እንዶዱን ወደ ላብራቶሪ ወሰዱት፣ ቀንድ አውጣ ገዳይነቱም ተረጋገጠ። እ.ኤ.አ. በ1989 ከዶክተር ለገሰ ወልደ ዮሐንስ ጋር ራይት ላይቭሊሁድ የተባለውን ዓለም አቀፍ ሽልማት ተቀበሉ። የዩኒቨርሲቲው የፓቶባዮሎጂ፣ ማለትም የበሽታ ምርምር፣ ኢንስቲትዩትም ዛሬ በስማቸው ይጠራል። «ታዲያ እንዶዱ የታለ?» አሉኝ ጋሼ። እዚህ ላይ ረቱኝ። የሚገባውን ያህል አልተሠራበትም።

ቡታጅራ ላይ ግን አልረቱኝም። ከአዲስ አበባ 130 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው። የዩኒቨርሲቲው የማኅበረሰብ ጤና ትምህርት ክፍል ከስዊድኑ ኡሜዮ ዩኒቨርሲቲ ጋር ሆኖ በ1979 ዓ.ም. በ9 የገጠርና በ1 የከተማ ቀበሌ ሥራ ጀመረ። ሥራው ሲያዩት ቀላል ነው። መዝገብ የያዘ ሰው በር ያንኳኳል። ማን ተወለደ? ማን ሞተ? ማን ለቀቀ፣ ማን ገባ? ዓመት አልፎ ዓመት ሲመጣ እንዲሁ ነው። የልደትና የሞት ምዝገባ ባልነበረበት አገር ስንት ሕፃን አምስት ዓመት ሳይሞላው እንደሚሞት በግምት ሳይሆን በቆጠራ የታወቀው በዚህ ዓይነት አሰልቺ ሥራ ነው። ጋሼ ዝም አሉ። ዝም ካሉ ተስማምተዋል።

«የመሬት መንቀጥቀጡን ቀድመው መናገር ነበረባቸው»

በ2017 ታኅሣሥ ፈንታሌና ዶፈን አካባቢ መሬቱ ሲናጥ፣ እዚህ ከተማ ፎቅ ላይ የምንኖር ሰዎች እንቅልፍ አጥተን ነበር። ታኅሣሥ 26 ሌሊት የተሰማው በመለኪያው ከ5.5 በላይ ነበር። የኔ ሳሎን አምፖል እንደ ደወል ተወዛወዘ። ጠዋት ቡና ላይ ሁሉም አራት ኪሎ ያሉትን የጂኦፊዚክስ ባለሙያዎች ይወቅሳል። «ምን ይሠራሉ ታዲያ?»

የመሬት መንቀጥቀጥን ቀንና ሰዓት ቀድሞ መናገር ጃፓንም አልቻለችም። ቴሌግራም ላይ «ዛሬ ሌሊት 9 ሰዓት ይመታል» ብሎ የሚለጥፍ ሰው ዋሽቷል፣ በቃ። የባለሙያው ሥራ የት፣ ምን ያህል፣ በምን ጥልቀት እንደተነሳ መለካትና የትኛው አካባቢ ይበልጥ እንደሚያሰጋ ማሳየት ነው። አራት ኪሎ ያለው ጣቢያ ይህን ሥራ የጀመረው በ1950 ዓ.ም. አካባቢ፣ ዓለም አቀፉ የጂኦፊዚክስ ዓመት በሚከበርበት ጊዜ ነው። በ1953 ከአዲስ አበባ በስተ ሰሜን ያለው ካራቆሬ ሲናወጥና ማጀቴ ሲፈርስ መዝግቧል። ሕንፃ ሲሠራ ይህ መዝገብ ይጠቅማል። ተቋራጩ ካነበበው ማለቴ ነው።

«ተማሪ ገጠር የወጣው በደርግ ዘመቻ ነው»

የእድገት በሕብረት ዘመቻ የ1967 ነው። ከዚያ አሥር ዓመት ቀድሞ፣ ከ1957 ዓ.ም. ጀምሮ፣ የዩኒቨርሲቲው ተማሪ ከመመረቁ በፊት አንድ ዓመት ክፍለ ሀገር ወጥቶ ያገለግል ነበር። አብዛኞቹ አስተማሪ ሆነው ሄዱ።

«ራስ ገዝ ሆነ ማለት ተሸጠ ማለት ነው»

አልተሸጠም። በ2015 የወጣው አዋጅ ዩኒቨርሲቲዎች በራሳቸው ቦርድ እንዲተዳደሩ በር ከፈተ፣ ይኼኛውም ቀድሞ ገባበት። ንብረትነቱ አሁንም የሕዝብ ነው። ክፍያው ለድሃ ልጅ ምን ይሆናል ካላችሁኝ፣ እሱ ተገቢ ጥያቄ ነው፣ እኔንም ያሳስበኛል።

«በነጻ እየበሉ ይጨፍራሉ»

በነጻ ያልነው ሽሮ ዕዳ ነው! ከ1996 ዓ.ም. ወዲህ የገባ ተማሪ የወጪ መጋራት ውል ፈርሟል። ሥራ ሲይዝ ከደሞዙ ይቆረጣል። ኦሪጅናል ዲግሪው የሚሰጠውም ከፍሎ ሲጨርስ ነው። ጭፈራውን አልክድም፣ ግን ፈተና ሲደርስ ኬኔዲ ላይብረሪን ያየ ሰው እንዲህ አይልም። ደብተር አስቀምጦ ወንበር የሚይዝ አለ፣ ጋቢ ተከናንቦ የሚቸክል አለ። የኔ የዶርም ጓደኛ «አምስት ደቂቃ ብቻ» ብላ መጽሐፏ ላይ ተኝታ በዘበኛ ተቀስቅሳለች።

«ግቢው ለውጭ ሰው ዝግ ነው»

ይህን በክርክር መርታት ስላልቻልኩ ጋሼን ይዣቸው ሄድኩ። መታወቂያ አሳየን፣ ተፈተሽን፣ ገባን። ቤተ መንግሥቱ ዛሬ የኢትዮጵያ ጥናትና ምርምር ተቋም ነው። ሙዚየሙ ትኬት ለቆረጠ ሁሉ ክፍት ነው። «ድንቅነሽ የታለች?» አሉኝ ገና ከመግባታችን። እሷ ያለችው ወደ አምስት ኪሎ ወረድ ብሎ ብሔራዊ ሙዚየም ነው። ብዙ ሰው ያምታታዋል።

ፊት ለፊት ያለውን ጠመዝማዛ ደረጃ አሳየኋቸው። ጣሊያን ሙሶሊኒ ሥልጣን ከያዘበት ጀምሮ ለእያንዳንዱ ዓመት አንድ ደረጃ ብሎ የሠራው ነው። በኋላ ጫፉ ላይ የይሁዳ አንበሳ ተቀመጠበት። ጋሼ ሳቁ።

ውስጥ ዕቃዎቹ በሰው ዕድሜ ተደርድረዋል፤ ልደት፣ ልጅነት፣ ጋብቻ፣ ሞት። ከዚያ የንጉሡ መኝታ ቤት ደረስን። መስተዋቱ ላይ የጥይት ቀዳዳ አለ። የታኅሣሥ ግርግር ነው አልኳቸው። ጋሼ ኮፍያቸውን አወለቁ።

«ያኔ የስድስት ዓመት ልጅ ነበርኩ» አሉ። «እናቴ አልጋ ሥር ከታን ተኩሱን ስንሰማ ዋልን።» ጣታቸውን ወደ ቀዳዳው ዘረጉና ሳይነኩት መለሱት። «ለካ እዚህ ነው ያረፈው።»