በሞተርና በፈረስ፦ የአውስትራሊያ መሃል አገር የማዕድን ፍለጋ ጉዞዎች (1900–1940)

ከ1900 እስከ 1930ዎቹ መጨረሻ ወርቅና የነዳጅ ዘይት ፍለጋ ወደ አውስትራሊያ ውስጠኛ በረሃ የወጡ ቡድኖች አብዛኞቹ መኪና ከመጣ ከብዙ ዓመት በኋላም እንስሳና መኪና ቀላቅለው ይጠቀሙ ነበር። መኪናው ክብደቱን ይሸከማል፤ ፈረሱ ወይም ግመሉ ሰውዬውን ድንጋዩ ድረስ ያደርሰዋል። ጎማ በደንብ የሚሽከረከርበት ሜዳ አሸዋ የለበሰ ስለሆነ ከሥሩ ያለው ዐለት አይታይም። ዐለቱ ራቁቱን የሚገኝበት ተረተርና ገደል ደግሞ መኪና አያስጠጋም። (ዓመቶቹ ሁሉ እንደ ጎርጎርዮሳዊው አቆጣጠር ናቸው።)

መኪና መሃል አገሩን ማቋረጥ እንደሚችል ያሳዩት ሃሪ ደተንና መሬይ ኦንገር ናቸው። በ1907 በታልቦት መኪና ከአደሌድ ወደ ዳርዊን ሲጓዙ ከቴናንት ክሪክ በስተደቡብ የዲፈረንሻሉ ጥርስ ተሰበረ። የዝናቡ ወቅት ደርሶ ስለነበር መኪናውን እዚያው ጥለው በፈረስ እስከ ኡድናዳታ የባቡር ጣቢያ ተመለሱ። በ1908 ሌላ ታልቦት ይዘው መጡና የቆመውንም አስነስተው ኦገስት ወር ላይ ዳርዊን ገቡ። በ1923 ማይክል ቴሪ በፎርድ ሞዴል ቲ ከኩዊንስላንዷ ዊንተን ተነስቶ በምዕራብ ጠረፍ እስካለችው ብሩም ተጓዘ፤ ከዚያም ለማዕድን ፍለጋ ደጋግሞ በመኪና ወጥቷል።

ፈረስ ወይስ ግመል የሚለው ጥያቄ የሚወሰነው በሣሩ ነው። በሰሜን ምዕራቡ ኪምበርሊ ሣር አለ፣ ወንዞችና የከብት እርባታ ጣቢያዎች አሉ፤ ስለዚህ በ1919 ፍትዝሮይ ክሮሲንግ አጠገብ ፕራይስ ክሪክ ላይ በውሃ ጉድጓድ ውስጥ የዘይት ምልክት ከታየ በኋላ የተከተለው ፍለጋ የፈረስ አገር ፍለጋ ነበር። መኪና እስከ ከብት ጣቢያው ይደርሳል፣ ከዚያ ወዲያ ያለው የአጋሰስ ሥራ ነው። ወደ ደቡብ ወርዶ ስፒኒፌክስ የሚባለው መርፌ ሣር አገሩን ሲሸፍነው ግን ፈረስ የሚበላው ያጣል፤ እዚያ የሚያዋጣው ግመል ነው።

የውሃና የቤንዚን ሒሳብ

ጉዞው ከመነሻው የሒሳብ ሥራ ነው። አንድ ፈረስ በሙቀት ቀን ከ30 እስከ 45 ሊትር ውሃ ይጠጣል። አሥር ፈረስ በቀን 400 ሊትር፣ ማለትም 400 ኪሎ ማለት ነው። አንድ ቶን ተኩል የሚጭን መኪና ሌላ ነገር ሁሉ ትቶ ውሃ ብቻ ቢጭን አራት ቀን እንኳ አያጠጣቸውም። ስለዚህ ለፈረስ ውሃ በመኪና ማመላለስ የሚባል ነገር የለም፤ ፈረሶቹ ከውሃ ወደ ውሃ ይሄዳሉ፣ መኪናው ደግሞ ለሰው፣ ለራዲያተርና ለመጠባበቂያ ያህል ይይዛል።

ቤንዚኑ በ18 ሊትር የቆርቆሮ ጣሳ፣ ሁለት ሁለቱ በአንድ የእንጨት ሣጥን ታሽገው ይመጣ ነበር። መኪናው በአሸዋ ላይ በሊትር ሁለት ኪሎ ሜትር ቢሄድ፣ 300 ኪሎ ሜትር ሄዶ ለመመለስ 300 ሊትር፣ ማለትም 17 ጣሳ ይፈልጋል። በመንገጫገጭ የጣሳው ብየዳ ይለቃል፣ ፀሐዩም የሾለከውን ይጨርሰዋል፤ ስለዚህ 17 ጣሳ ይዞ የወጣ ሰው 17 ጣሳ ቤንዚን አለኝ ብሎ ባይተማመን ይሻለዋል። መፍትሔው ማከማቻ ነው፦ መኪናው ተመላልሶ ቤንዚንና ዱቄት በመንገዱ ላይ ያኖራል፣ ወይም ግመል ሳምንታት ቀድሞ ያደርሳል። ደተንና ኦንገርም ነዳጃቸውን አስቀድመው በቴሌግራፍ መስመሩ ጣቢያዎች አስቀምጠው ነበር።

መኪናው ላይ የሚደርሰው

ፎርድ ሞዴል ቲ ቀላልና ከመሬት ከፍ ያለ ስለሆነ ለዚህ አገር ተስማሚ ነበር፤ ጉድለቱ ግን ብዙ ነው። ቤንዚኑ ከወንበሩ ሥር ሆኖ በራሱ ክብደት ወደ ካርቡራተር የሚወርድ በመሆኑ፣ ጥቂት ሲቀር ቀጥ ባለ ዳገት ላይ ሞተሩ ይራባል። ነጂው መኪናውን አዙሮ በኋላ ማርሽ ይወጣዋል። የእንጨት ጎማ ዘንጎች በድርቁ አየር ይኮማተሩና ይላቀቃሉ፤ መድኃኒታቸው ውሃ ውስጥ መዘፍዘፍ ነው፣ ውሃ ካለ።

ከሁሉ የከፋው ስፒኒፌክስ ነው። ዘሩ የራዲያተሩን ቀዳዳ ይደፍነውና ውሃው ይፈላል፤ በየጥቂት ኪሎ ሜትሩ ቆሞ በሽቦ መጥረግ ግድ ነው። ደረቁ ሣር ከመኪናው ሥር በጭስ ማውጫው ላይ ይከመርና እሳት ይነሣል። ሙልጋ የሚባለው የግራር ዘመድ ደግሞ ሲሰበር ጉቶው እንደ ጦር ሆኖ ጎማና ካላማዳሪ ይበሳል። ካላማዳሪው ተለጥፎ ተለጥፎ ሲያልቅ ጎማውን በሣር ጠቅጥቆ መሄድ የተለመደ ነበር።

የአሸዋ ተረተሮቹን ለመሻገር የጎማውን አየር ይቀንሳሉ፣ ከኮኮናት ገመድ የተሠራ ረጅም ምንጣፍ ከፊት ያነጥፋሉ፤ መኪናው ሲያልፍ ከኋላ አንስቶ እንደገና ከፊት ማንጠፍ ነው። የሚመረጠው ሰዓት ማለዳ ነው፤ ሌሊት የቀዘቀዘው አሸዋ ጠበቅ ይላል። ከተረተሩ ጎን ለጎን መሄድ ቀላል ነው፣ ማቋረጥ ግን ባሌስትራና ፍሪሲዮን ይጨርሳል።

ፈረሶቹ

አጋሰስ ወደ 70 ኪሎ ይጫናል፣ በቀን ከ25 እስከ 35 ኪሎ ሜትር ይሄዳል። ጭነቱ በሁለቱ ጎን እኩል ካልተመዘነ ኮርቻው ይዞርና ጀርባው ይገጠባል፤ የተገጠበ ፈረስ ደግሞ ለሳምንታት ጭነት አይነካም። ስለዚህ ልምድ ያላቸው ሰዎች ጠዋት ጠዋት ጭነቱን በእጅ ሳይሆን በሚዛን ያስተካክላሉ። ማታ የፊት ሁለት እግራቸው በአጭሩ ታስሮ፣ አንገታቸው ላይ ቃጭል ተንጠልጥሎ ለግጦሽ ይለቀቃሉ። የታሰረ ፈረስም ውሃ ካሸተተ እየዘለለ አሥርና ከዚያ በላይ ኪሎ ሜትር ይሄዳል፤ የጉዞው ግማሽ ጠዋት በቃጭል ፍለጋ የሚያልፈው ለዚህ ነው። መኪናው የሚጠብቀው ብዙ ጊዜ ይህን ነው።

መርዛማ ዕፅዋቱም ቀላል አይደሉም። በበረሃው ጋስትሮሎቢየም የሚባለው ቁጥቋጦ ፍሉዎሮአሴቴት የተባለ መርዝ አለው፤ የበላው እንስሳ ውሃ ጠጥቶ ወይም ሮጦ ባለበት ይወድቃል። በኪምበርሊ ደግሞ ክሮታላሪያ የሚባለው ተክል የፈረሱን ጉበት ያበላሻል። የታመመው ፈረስ አእምሮው ተነክቶ ያለ አቅጣጫ ይጓዛል፣ ዛፍና አጥር ይገፋል፤ የአካባቢው ሰዎች በሽታውን «የመንከራተት በሽታ» ይሉታል።

ድንጋዩ ጋ

ሥራው የሚጀምረው በደረቅ ወንዝ ነው። እኛ አገር ቀይ ባህር ዛፍ የምንለው ዛፍ የትውልድ ቦታው ይህ ነውና በየደረቁ ወንዝ ዳር ተሰልፎ ይታያል። ከሥሩ ቢቆፈር ውሃ ሊገኝ ይችላል፤ ወንዙ ያወረደው ጠጠርም ላይኛው ተራራ ከምን እንደተሠራ ይናገራል። ወርቅ ፈላጊው ነጭ ኳርትዝ የያዘውን ድንጋይ ሰብሮ በብረት ሙቀጫና ዘነዘና ይወቅጣል፣ ዱቄቱን በሳፋ ያጥባል። ውሃ በሌለበት ግን እንደ አውድማ እህል በነፋስ ያዘራዋል፦ ከአንዱ ሳፋ ወደ ሌላው ከፍ አድርጎ ሲያፈሰው ነፋሱ አቧራውን ይወስዳል፣ ከባዱ ወርቅ ይቀራል። ደቃቁ ወርቅ ግን ከአቧራው ጋር ይሄዳል፤ ስለዚህ የነፋስ ውጤት ሁልጊዜ ከእውነተኛው ያነሰ ነው። የወርቅ ዱካ በአፈሩ ውስጥ ከታየ፣ በእኩል ርቀት አፈር እየዘገኑ ሳፋው እስኪበዛለት ድረስ ወደ ላይ መከተል ነው።

ያገኙትን ቦታ መመዝገብ ራሱን የቻለ ችግር ነበር። ኬንትሮስ (የምሥራቅና የምዕራብ አቀማመጥ) የሚለካው በሰዓት ነው፤ በመሃል አውስትራሊያ የአራት ሴኮንድ ስሕተት ቦታውን 1.7 ኪሎ ሜትር ገደማ ያሳስታል። በጉዞ የሚንገጫገጭ ሰዓት ደግሞ ከዚህ በላይ ይሳሳታል።

ውሃ የሚያውቁት የአገሩ ባለቤቶች፣ ነባር አውስትራሊያውያን፣ ነበሩ። አልፍሬድ ካኒንግ በ1906–07 ለከብት መንጃ መንገድ ውሃ ሲፈልግ ነባሮቹን በሰንሰለት አስሮ ይመሩት ዘንድ አስገድዷል። ጉዳዩ በ1908 በመንግሥት አጣሪ ኮሚሽን ቢታይም ኮሚሽኑ ካኒንግን ነጻ አወጣው። የውሃ ካርታ የሚባለው ነገር ብዙው የተገኘው እንዲህ ነው።

የ1930ው ጉዞ

ስመ ጥሩው ውድቀት የሃሮልድ ላሴተር ነው። ላሴተር በወጣትነቱ በመሃል አገሩ ወርቅ የሞላበት ረጅም የኳርትዝ ተረተር አገኘሁ፣ ቦታው የጠፋውም የሰዓታችን ስሕተት ስላሳሳተን ነው ይል ነበር። ሲድኒ ላይ ኩባንያ ተቋቋመለት። ጁላይ 21 ቀን 1930 ቡድኑ በፍሬድ ብሌክሊ መሪነት ከአሊስ ስፕሪንግስ ሲወጣ ባለ ስድስት ጎማ ቶርኒክሮፍት የጭነት መኪና፣ አንድ ሸቭሮሌትና አንድ ትንሽ አውሮፕላን ነበረው። አውሮፕላኑ ብዙም ሳይቆይ ተከሰከሰ። መኪናዎቹ ሙልጋ እየቆረጡ፣ አሸዋ እየጠረጉ ወደ ምዕራብ ከዘለቁ በኋላ ላሴተር አንድ ተራራ ላይ ወጥቶ «240 ኪሎ ሜትር ያህል ወደ ሰሜን ስተናል» አለ። ብሌክሊ ሰውዬው አታላይ ነው ብሎ ደመደመና ቡድኑን መለሰ።

ላሴተር ፖል ጆንስ ከሚባል የዲንጎ (የአውስትራሊያ የዱር ውሻ) አዳኝና ከግመሎቹ ጋር ቀጠለ። ሁለቱ ተጣልተው ተለያዩ፤ ከዚያ የላሴተር ሁለት ግመሎች ከነጭነታቸው ፈርጥጠው ጠፉ። ለ25 ቀን ገደማ ዋሻ ውስጥ ተቀመጠ፣ ነባሮቹ እየመገቡት። በጃንዋሪ 1931 በ1.7 ሊትር ውሃ 140 ኪሎ ሜትር ለመሄድ ተነሣ፤ 55 ኪሎ ሜትር ላይ ሞተ። አስከሬኑን በማርች ያገኘው ቦብ በክ የተባለ ሰው በግመል ሄዶ ነው። ወርቁ እስካሁን አልተገኘም፤ የክልሉ ድንጋይ ዓይነት ያን ያህል ወርቅ እንደማይጠበቅበት ጂኦሎጂስቶች ደጋግመው ተናግረዋል።

ከዚያ ወዲህ

ማዕድን ፈላጊው አለን ዴቪድሰን በ1900 ወርቅ ወዳየበት፣ በታናሚ በረሃ ግራኒትስ ወደሚባለው ቦታ፣ በ1932 ሰው በመኪና ጎረፈ። ጂኦሎጂስቱ ሴሲል ማዲጋን አይቶ ተስፋ የሚያስቆርጥ ዘገባ ጻፈ፤ ሰዉም ተበተነ። በ1930ዎቹ አጋማሽ መንግሥት የሰሜን አውስትራሊያን ማዕድን ከአየር ፎቶግራፍና ከጂኦፊዚክስ መሣሪያ ጋር የሚያጠና ድርጅት አቋቋመ፤ ፈረሱ ከዚህ በኋላ የቀረው ለገደሉ ብቻ ነው። በግራኒትስ ግን ከ1980ዎቹ ጀምሮ ትልቅ የወርቅ ማዕድን ሥራ ተከፍቷል፣ ሳፋ ሳይሆን መቆፈሪያ መሣሪያ ይዞ።