የሌሃቭር ቅዱስ ዮሴፍ ቤተ ክርስቲያን

የቅዱስ ዮሴፍ ካቶሊካዊ ቤተ ክርስቲያን በፈረንሳይ ኖርማንዲ፣ የሴን ወንዝ ወደ ባሕር በሚገባበት በሌሃቭር የወደብ ከተማ ይገኛል። ምእመናን የሚያስቀድሱበት የቁምስና ቤተ ክርስቲያን ነው፤ በሁለተኛው የዓለም ጦርነት ላለቁት የከተማዋ ሰዎችም መታሰቢያ ነው። 107 ሜትር የሚረዝመው ማማው ከባሕር ላይ ከሩቅ ይታያል።

የቀድሞው ቤተ ክርስቲያን የፈረሰው እ.ኤ.አ. በሴፕቴምበር 1944 ነው። ከተማዋ ገና በጀርመን ጦር እጅ ሳለች፣ የእንግሊዝ አውሮፕላኖች በወሩ 5ኛና 6ኛ ቀን መሀል ከተማውን በቦምብ ደበደቡት። በጦርነቱ ዘመን ሁሉ 5,000 ገደማ ነዋሪዎች ሲሞቱ 80,000 ያህሉ ቤት አልባ ሆኑ።

መልሶ ግንባታው በ1945 ለአርክቴክት ኦጉስት ፔሬ ተሰጠ። ፔሬ ከጓዶቹ ጋር የመሀል ከተማውን ሕንፃዎች በ6.24 ሜትር ልኬት አስልቶ ነደፈ። ለቤተ ክርስቲያኑ መነሻ ያደረገው በ1926 ለፓሪስ አቅርቦት ሳይሠራ የቀረውን የቅድስት ዣን ዳርክ ቤተ ክርስቲያን ንድፍ ነው። የመሠረት ድንጋዩ በ1951 ተጣለ። ፔሬ በ1954 ስለሞተ ሥራውን ሬይሞን ኦዲዢዬና ዦርዥ ብሮሻር በ1957 ከፍጻሜ አደረሱት።

ወለሉ አራት ማዕዘን ሲሆን እያንዳንዱ ጎን 40 ሜትር ያህል ነው። ማማውን የተሸከሙት በአራት ማዕዘናት አራት አራት ሆነው የቆሙ 16 ምሰሶዎች ናቸው፤ ቁመታቸው 25 ሜትር ገደማ ነው። ከእነሱ በላይ አራት ማዕዘኑ ወደ ስምንት ማዕዘን ይለወጣል። የማማው ውስጥ ባዶ ስለሆነ ከወለሉ ቀና ያለ ሰው 84 ሜትር ያህል ወደ ላይ ያያል። መሠዊያው ከማማው ሥር መሀል ላይ ነው፤ ምእመናንም ዙሪያውን ይቀመጣሉ። የካቶሊክ ቤተ ክርስቲያን የአምልኮ ሥርዓቷን ያሻሻለችበት ሁለተኛው የቫቲካን ጉባኤ በ1962 ከመከፈቱ በፊት እንዲህ ያለ አቀማመጥ ብርቅ ነበር፤ ያንን ደፍሮ መሥራት ቀላል ነገር አልነበረም።

የሕንፃው ነፍስ ግን ብርሃኑ ነው። የመስታወቱን ሥራ የነደፈችው ማርጌሪት ዩሬ ናት። 12,768 ቁራጭ ባለቀለም መስታወቶች በግድግዳውና በማማው ፍርግርግ ውስጥ ተሰክተዋል። የቅዱሳን ሥዕል የለባቸውም፤ የሚናገረው ቀለሙ ብቻ ነው። ዩሬ ቀለሞቹን የመረጠችው በአቅጣጫ ነው፦ ፀሐይ በማይመታው በሰሜን በኩል አረንጓዴና ሐምራዊ ሲያመዝን፣ በደቡብና በምዕራብ ወርቃማና ብርቱካናማ ይበዛል። ወደ ላይ ሲወጣም ቀለሙ እየፈካ ይሄዳል። ስለዚህ የጠዋቱና የአመሻሹ ቤተ ክርስቲያን አንድ አይደሉም፤ ሊያየው የሄደ ሰው በሁለቱም ሰዓት ቢገባ ይመከራል። ግራጫውን የውጭ ግድግዳ ብቻ አይቶ የሚመለስ ሰው ዋናውን ነገር አላየም።

ግድግዳው አልተለሰነም፤ አርማታው ሲሞላ የተደገፈበት ሳንቃ የተወው መስመር እንኳ ይታያል። ይህ ለዓይን ጥሩ ቢሆንም እንዲህ ያለ ሕንፃ በባሕር ዳር ሲቆም ብርቱ ጥገና ይጠይቃል። ሲሚንቶ ፌሮውን ከዝገት ይጠብቃል፤ በአየር ውስጥ ያለው ካርቦን ዳይኦክሳይድና የባሕር ጨው ቀስ በቀስ ሲዘልቁት ግን መከላከያው ይዳከማል። ፌሮ ሲዝግ ያብጣል፤ ሲያብጥም የሸፈነውን አርማታ ሰንጥቆ ይጥለዋል። ቶሎ የሚጎዳው ፌሮው ለገጽታው የቀረበበት ቦታ ነው። ጠጋኞች ግድግዳውን በመዶሻ ቀስ ብለው እየመቱ ባዶ ድምፅ የሚሰጠውን ይለያሉ፤ የላላውን ፈልፍለው ያወጣሉ፣ ዝገቱን ጠርገው ፌሮውን መከላከያ ይቀባሉ፣ ከዚያ በአዲስ ቡኮ ይሞላሉ። ከባዱ የመጨረሻው ነው፦ የአሸዋውና የጠጠሩ ዓይነት ከነባሩ ጋር ካልገጠመ፣ ልስን በሌለው ግድግዳ ላይ እያንዳንዱ ጥገና እንደ እድፍ ጎልቶ ይቀራል።

ቤተ ክርስቲያኑ በ1965 በፈረንሳይ ታሪካዊ ሐውልትነት ተመዝግቧል። ፔሬ መልሶ የገነባው መሀል ከተማም በ2005 በዩኔስኮ የዓለም ቅርስ መዝገብ ገብቷል።