ከቤተ ልሔም ምንጭ የተቀዳ ውኃ፦ በግዳጅ ላይ የወደቀውን ፖሊስ ወንድማችንን ስለ ማሰብ

በስመ አብ ወወልድ ወመንፈስ ቅዱስ አሐዱ አምላክ አሜን።

የተወደዳችሁ ወንድሞችና እኅቶች፤ ያለፈው እሑድ በአራዳ አካባቢ በምንገለገልበት ደብር፣ ከአንድ ዓመት በፊት በግዳጅ ላይ ሳለ ለተገደለው ፖሊስ ወንድማችን የሙት ዓመት ጸሎት ተደርጎለት ነበር። ካህኑ ጸሎቱን ከመጀመራቸው በፊት «ስመ ክርስትናው ማን ነው?» ብለው ጠየቁ። የደንብ ልብስ ለብሰው በአንድ ወገን የቆሙት የሥራ ባልደረቦቹ እርስ በርሳቸው ተያዩ፤ ለዓመታት አብረውት ሲያድሩ በማዕረጉ እንጂ በዚያ ስሙ ጠርተውት አያውቁም ነበርና። ከምሰሶው ሥር ነጠላቸውን አዘቅዝቀው የተቀመጡት እናቱ ተነሥተው ስሙን ተናገሩ። መጀመሪያ ድምፃቸው አልወጣም፤ ሲደግሙት ግን ሁላችንም ሰማነው። ዲያቆኑ በቁራጭ ወረቀት ላይ ጽፎ ለካህኑ አቀበላቸው። ይህን ትምህርት ለመጻፍ ያነሣሣችኝ ያቺ ቁራጭ ወረቀት ናት።

ወንድማችን የሞተው ሌሊት ተረኛ ሆኖ ሳለ ነው። አንዲት ከሥራ አምሽታ የምትመለስ ሴት ጨለማ ውስጥ ሁለት ሰዎች ይዘዋት ስትጮኽ ሰምቶ ሮጠ፤ እርሷ አመለጠች፣ እርሱ ግን በስለት ተወግቶ ሆስፒታል ሳይደርስ ዐረፈ። ኪዳን ደርሶ ሰው ሲወጣ እርሱም ከተረኝነቱ ወደ ቤት የመግባት ልማድ ነበረው። በዚያች ማለዳም እናቱ ፍርፍሩን በሳህን ከድነው፣ ጀበናውን ከከሰሉ ዳር አስጠግተው ጠበቁት። ኪዳን አለቀ፤ ፀሐይ ወጣ፤ ሳህኑን ሳይገልጡ እንደ ተቀመጡ ባልደረቦቹ በሩን አንኳኩ።

በመጽሐፈ ሳሙኤል ካልዕ በ23ኛው ምዕራፍ፣ በመጽሐፈ ዜና መዋዕል ቀዳማዊም በ11ኛው ምዕራፍ የተጻፈ አንድ ታሪክ አለ። ዳዊት በዓዶላም ዋሻ ሳለ፣ ወራቱም መከር ሆኖ ሙቀቱ በበረታ ጊዜ፣ የፍልስጥኤማውያን ጭፍራ በራፋይም ሸለቆ ሰፍሮ ነበር፤ የተወለደባት ቤተ ልሔምም በጠላት እጅ ነበረች። እርሱም በከተማይቱ በር አጠገብ ካለችው ምንጭ ውኃ የሚያጠጣው ቢኖር ብሎ ተመኘ። ከኃያላኑ ሦስቱ ይህን ሰምተው የጠላትን ሰፈር ጥሰው ገቡ፤ ውኃውንም ቀድተው አመጡለት። ዳዊት ግን ሊጠጣው አልወደደም። በነፍሳቸው የደፈሩ ሰዎች ደም ነው ብሎ ለእግዚአብሔር አፈሰሰው።

ይህን ክፍል ስናነብ ብዙዎቻችን «ታዲያ ያን ያህል ደክመው ያመጡትን ውኃ ለምን ደፋው?» እንላለን። መልሱ በኦሪት ዘሌዋውያን አለ። የሥጋ ሕይወት በደሙ ውስጥ ስለሆነ ደም አይበላም፣ አይጠጣም፤ የሕይወት ባለቤት እግዚአብሔር ነውና በመሠዊያው ፊት ለእርሱ ይፈስሳል። ዳዊት በዕቃው ያለው ውኃ መሆኑን ያውቃል፤ ዋጋው ግን የሰው ነፍስ እንደሆነም ያውቃል። ስለዚህ ጥሙን ከሚያረካበት ይልቅ ለባለቤቱ መለሰው። ሦስቱ ሰዎች እንዳልተከፉበት፣ እንዲያውም ከዚያች ቀን ይልቅ ተከብረው እንደማያውቁ አምናለሁ።

ልብ እንበል፤ ዳዊት ተመኘ እንጂ ትእዛዝ አልሰጠም። እኛም እንዲሁ ነን። ወደ ራፋይም ሸለቆ ሂድልን ብለን ማንንም አልላክንም። ልጃችን ከማታ ትምህርት በሰላም ትግባ፣ ሱቃችን ሳይሰበር ይደር፣ ከፒያሳ እስከ አራት ኪሎ በእግራችን ስንወርድ ማንም አይንካን ብለን እንመኛለን እንጂ። ምኞታችንን ሰምቶ በሌሊት የሚወጣ ሰው ግን አለ። በየማለዳው በሰላም ተኝተን የምንነሣበት ዕረፍት ከምንጩ ተቀድቶ የመጣልን ውኃ ነው፤ ማን እንደቀዳው ሳንጠይቅ ስንጠጣውም ዓመታት አልፈዋል።

አዲስ አበባ ገና ወጣት ከተማ ሳለች፣ ፖሊስ የሚለው ስም በሕዝቡ አፍ ሳይለመድ፣ ይህን ሥራ የሚሠራው ሰው «የአራዳ ዘበኛ» ይባል ነበር። ዘበኛ ማለት ጠባቂ ነው፤ ስለ ጠባቂም መዝሙረኛው በ126ኛው መዝሙር «እግዚአብሔር ከተማን ካልጠበቀ ጠባቂ በከንቱ ይተጋል» ብሏል። አንዳንዶች ይህን ቃል የጠባቂውን ድካም ለማቃለል ሲጠቅሱት እሰማለሁ፤ እኔ ግን እንዲህ አላነበውም። ጥበቃ አስቀድሞ የእግዚአብሔር ሥራ ነው፤ እስራኤልን የሚጠብቅ አይተኛም፣ አያንቀላፋም ተብሎ ተጽፏል። እንግዲህ ሌላው እንዲተኛ ብሎ የሚነቃ ሰው፣ ማዕረጉ ዝቅተኛ፣ ደመወዙም ጥቂት ቢሆን፣ እግዚአብሔር ራሱ በሚሠራው ሥራ አጠገብ ቆሟል። ይህን ማወቅ ለተረኛው ብርታት ነው፤ ለእኛ ደግሞ በመንገድ ስናልፍ በምን ዓይን እንደምናየው የሚያስተምር ነው።

በሐዘን ሰሞን «ሰማዕት ሆነ» የሚል ቃል ብዙ ጊዜ ተነግሯል። ፍቅር የተናገረው ቃል ስለሆነ ማንንም አልነቅፍበትም፤ ነገር ግን ምእመናን ልዩነቱን እንድናውቅ ይገባል። ሰማዕት በግእዝ ምስክር ማለት ነው፤ ቤተ ክርስቲያንም በዚህ ስም የምትጠራቸው ስለ ክርስቶስ መስክረው የሞቱትን ነው። በፒያሳ በስሙ ካቴድራል የታነጸለት ቅዱስ ጊዮርጊስ በማዕረጉ ወታደር ነበር፤ የምናከብረው ግን ስለ ማዕረጉ ሳይሆን በንጉሥ ፊት ስለ መሰከረው ምስክርነት ነው። ለሰማዕታት ፍትሐት አናደርስም፤ እነርሱ እንዲለምኑልን እንማጸናለን እንጂ። ለወንድማችን ግን በ3ኛው፣ በ7ኛው፣ በ12ኛው፣ በ30ኛው፣ በ40ኛውና በ80ኛው ቀን፣ በመንፈቁና በዓመቱ ጸለይን። እርሱ እንደ እኛ ምሕረት የሚያስፈልገው ሰው ነውና። ጌታችን «ነፍሱን ስለ ወዳጆቹ ከመስጠት ይልቅ ከዚህ የሚበልጥ ፍቅር ለማንም የለውም» ብሏል፤ ወንድማችን ደግሞ ለማያውቃት ሴት ሮጧል። ይህን ይዘን ምሕረትን እንለምንለት፤ አክሊሉን መስጠት የእኛ ሥራ አይደለም።

ወደ 23ኛው ምዕራፍ ልመለስ፤ ሳልናገረው ላልፍ የማይገባኝ ነገር በፍጻሜው አለና። ያ ምዕራፍ የዳዊትን ኃያላን በየስማቸው እየቆጠረ ይሄድና በመጨረሻ «ኬጢያዊው ኦርዮ» ብሎ፣ ሁሉም 37 ናቸው ብሎ ይፈጽማል። ኦርዮ ማን እንደሆነ እናውቃለን። ታቦቱና ሠራዊቱ በዳስ ተቀምጠው ሳሉ እኔ ወደ ቤቴ አልገባም ብሎ፣ በንጉሡ ቤት ደጅ ከአገልጋዮች ጋር ያደረ ታማኝ ወታደር ነው። ከኦርዮ ሚስት ጋር ኃጢአት የሠራው ዳዊትም፣ ባሏ ይሞት ዘንድ ደብዳቤ ጽፎ በራሱ በኦርዮ እጅ ወደ ግንባር ላከበት። የሦስቱን ሰዎች ደም ከውኃ ለይቶ ያወቀው ያው ሰው፣ የአራተኛውን ደም ለኃጢአቱ መሸፈኛ አደረገው። የመታሰቢያውን ዝርዝር የጻፈው ግን፣ ምንም እንኳ የንጉሡ ኃፍረት ቢሆንም፣ የኦርዮን ስም አላወጣውም። ሰዎችን ወደ አደጋ የሚያሰማሩ አለቆች ሁሉ ይህን ፍጻሜ ደጋግመው እንዲያነቡት እማጸናለሁ። የሞተውን ሰው ለራሳችን ቁጣና ክርክር መሣሪያ ልናደርገው የምንፈልግ እኛም እንዲሁ እናንብበው፤ የሰውን ደም ለጥቅማችን ማዋል በማንኛውም ስም ቢሆን መጠጣት ነውና።

ስለ ገዳዩስ ምን እንላለን? በለቅሶው ድንኳን ውስጥ ብድር ስለ መመለስ የተናገሩ ወጣቶች ነበሩ፤ ሐዘናቸው ይገባኛል። የአቤል ደም ከምድር ወደ እግዚአብሔር እንደ ጮኸ ተጽፏል፤ ጩኸቱን የሚሰማ አለና እኛ በደም ላይ ደም እንድንጨምር አልታዘዝንም። በመስቀል አደባባይ በኩል የምታልፉ የቅዱስ እስጢፋኖስን ቤተ ክርስቲያን ታያላችሁ፤ ይህ ዲያቆን ድንጋይ እየወረደበት «ይህን ኃጢአት አትቁጠርባቸው» ብሎ ጸለየ። በዚያች ሰዓት የወጋሪዎቹን ልብስ ይጠብቅ የነበረው ጎልማሳ ሳውል ነበር። እስጢፋኖስ የጸለየላቸው ሰዎች መካከል የአሕዛብ ሐዋርያ ቆሞ እንደነበረ ከሰው ማንም አላወቀም። ያው ሳውል፣ ጳውሎስ ከተባለ በኋላ፣ በሮሜ መልእክቱ በቀልን ለእግዚአብሔር እንድንተው፣ ክፉ አድራጊን መቅጣትም የባለ ሥልጣን እንደሆነ ጽፎልናል። ፍርዱን ለፍርድ ቤት እንተው፤ በእስር ቤት ላሉት ለሁለቱ ሰዎች ንስሐን እንለምን። ይህ ለእናቲቱ ከባድ እንደሆነ አውቃለሁ፤ በእርሳቸው ላይ አልጭነውም፤ ሸክሙን እኛ እንያዝላቸው።

በመካከላችን ያላችሁ የፖሊስ አባላት፣ ለእናንተም ቃል አለኝ። ፖሊስ ሲባል የሕዝባችን ልብ ሁለት እንደሆነ እናንተም ታውቃላችሁ፤ በጭንቅ ጊዜ የሚጠራችሁ ሰው በሌላ ቀን ሲያያችሁ መንገድ ይቀይራል። ይህ ያለ ምክንያት የመጣ አይደለም። ጭፍሮች ወደ መጥምቁ ዮሐንስ መጥተው «እኛስ ምን እናድርግ?» ባሉት ጊዜ ሥራችሁን ተዉ አላላቸውም፤ በማንም ግፍ እንዳይሠሩ፣ ማንንም በሐሰት እንዳይከሱ፣ ደመወዛቸውም እንዲበቃቸው አዘዛቸው እንጂ። በቂሣርያ የነበረው የመቶ አለቃ ቆርኔሌዎስም የጦር ልብሱን ሳያወልቅ ጸሎቱና ምጽዋቱ «በእግዚአብሔር ፊት ለመታሰቢያ» ዐረገለት። መታሰቢያ የሚለውን ቃል ተመልከቱ፤ ቆርኔሌዎስ ገና በሕይወት ሳለ መታሰቢያው ቀድሞት በሰማይ ነበር። የወንድማችሁን ፎቶግራፍ በጣቢያው ግድግዳ መስቀል መልካም ነው፤ ነገ ጠዋት አንድ ምስኪን ባለጉዳይ ሲመጣ ሳይንገላታ መሸኘቱ ግን ከዚያ የበለጠ መታሰቢያው ይሆናል።

ለቀረነው ደግሞ የሚጠበቅብን የታወቀ ነው። እድሩ ድንኳኑን ነቅሎ፣ ንፍሮው አልቆ፣ ጎረቤት ወደየሥራው ከተመለሰ በኋላ ቤቱ ጸጥ ይላል፤ ባለቤቱ የጡረታ መብት ለማስከበር ከቢሮ ቢሮ የምትመላለሰው በዚያን ጊዜ ነው። ሐዋርያው ያዕቆብ ንጹሕ አምልኮ ያለው አባት የሌላቸውን ልጆችና ባልቴቶችን በመከራቸው መጠየቅ ነው። ተዝካር ሲባልም ነዳያን የሚመገቡበት፣ ካህናት የሚጸልዩበት እንጂ ቤተሰቡ ተበድሮ ሰፈር የሚጋብዝበት አይደለም። ለድግስ የታሰበው ገንዘብ ለሁለቱ ልጆቹ ደብተርና የትምህርት ቤት ክፍያ ቢውል የሟቹ ነፍስ አይጎዳባትም። ያን ሌሊት ያመለጠችው ሴት በየወሩ ያረፈበት ቀን ሲደርስ ቡና ይዛ ወደ እናቱ ቤት ትሄዳለች፤ እርሳቸው እንደነገሩኝ፣ ብዙ ጊዜ ሁለቱም ምንም ሳይነጋገሩ ሦስተኛው ስኒ ይጠጣል።

ያቺ ቁራጭ ወረቀት ተጣጥፋ በካህኑ የጸሎት መጽሐፍ ውስጥ ናት። በሚመጣው እሑድ የየራሳችሁን ሙታን ስም ይዛችሁ ስትመጡ፣ በዚህች ከተማ በሌሊት ለወደቁ ጠባቂዎችም አብራችሁ ለምኑ፤ ስመ ክርስትናቸውን የማታውቁ እንደሆነ «ጌታ ሆይ፣ ስማቸውን አንተ ታውቀዋለህ» በሉ።

ወስብሐት ለእግዚአብሔር።