የፋውንዴሽን ግራንት ምንድን ነው? ልጆችን ኮሌጅ ለማድረስ ገንዘብ ለሚጠይቁ ማኅበራት

ግራንት የማይመለስ ገንዘብ ስለሆነ ብድር አይባልም። እንደ ልብ የሚያዙበት ስጦታም አይደለም። አብሮት ውል ይመጣል፤ ገንዘቡ ለየትኛው ሥራ እንደሚውል፣ ሥራው በስንት ወር እንደሚያልቅ፣ ምን ውጤት እንደሚጠበቅና ሪፖርቱ መቼ እንደሚገባ ተጽፎ ይፈረማል። በአሜሪካ ከሃይስኩል በኋላ ላለው ትምህርት፣ ማለትም ለኮሌጅና ለሙያ ሥልጠና፣ እንዲህ ዓይነቱን ገንዘብ ከሚሰጡት መካከል የግል ፋውንዴሽኖች ይገኙበታል።

የግል ፋውንዴሽን አብዛኛውን ጊዜ ከአንድ ሰው፣ ከአንድ ቤተሰብ ወይም ከአንድ ኩባንያ በመጣ ሀብት የተቋቋመ ነው። ሀብቱ ኢንቨስት ተደርጎ ይቀመጣል፤ ከእሱ በሚገኘው ገንዘብ በጎ ሥራ ይደገፋል። የአሜሪካ የግብር ሕግ ፋውንዴሽኑ በየዓመቱ ከኢንቨስትመንት ሀብቱ 5 በመቶ ያህሉን ለበጎ ሥራ እንዲያወጣ ያስገድደዋል። ሳያወጣ ከቀረ፣ ባላወጣው ገንዘብ ላይ 30 በመቶ ቅጣት ግብር ይጣልበታል። እንግዲህ መስጠታቸው አይቀርም፤ ለማን እንደሚሰጡ የሚወስነው ግን የራሳቸው ዓላማ ነው። ብዙ የኮሚኒቲ ማኅበራት የሚሳሳቱት እዚህ ላይ ነው። ችግራቸውን በደንብ ያስረዳሉ፣ ፋውንዴሽኑ የተነሣበትን ዓላማ ግን አያነቡም።

ለምሳሌ ሉሚና ፋውንዴሽንን እንውሰድ። ሉሚና በ2000 በኢንዲያናፖሊስ የተቋቋመው፣ ዩኤስኤ ግሩፕ የሚባለው የተማሪ ብድር ድርጅት አብዛኛው ንብረቱ ሳሊ ሜይ ለሚባለው ሌላ የተማሪ ብድር ኩባንያ ሲሸጥ በተገኘው ገንዘብ ነው። እስከ 2025 ድረስ ለሥራ ከደረሱ አሜሪካውያን 60 በመቶው ዲግሪ ወይም ሌላ ጥራት ያለው ምስክር ወረቀት እንዲኖራቸው የሚል ግብ አስቀምጦ ለዓመታት ሲሠራ ቆይቷል። ሚሺጋን የሚገኘው፣ በ1924 የተመሠረተው ክሬስጊ ፋውንዴሽንም በትምህርት ዘርፉ በአሜሪካና በደቡብ አፍሪካ ኮሌጅ መግባትንና ማጠናቀቅን ይደግፋል። እንዲህ ያሉት ግዙፍ ተቋማት የሚፈልጉት በአንድ ስቴት ወይም በብዙ ኮሌጆች አሠራር ላይ የሚመጣ ለውጥ ነው። ስልሳ ልጆች የምታግዝ የሲልቨር ስፕሪንግ ወይም የሲያትል ማኅበር በቀጥታ ከእነሱ ገንዘብ የማግኘት ዕድሏ ጠባብ ነው። የእሷ በር የአካባቢው የቤተሰብ ፋውንዴሽን ነው፤ እንዲሁም «ኮሚኒቲ ፋውንዴሽን» የሚባለው፣ ገንዘቡን ከብዙ ለጋሾች የሚሰበስበው የከተማ ወይም የካውንቲ ተቋም።

ፋውንዴሽን ለተማሪው በቀጥታ ቢሰጥስ? የሚሰጡ አሉ፤ ጃክ ኬንት ኩክ ፋውንዴሽን አንዱ ነው። ነገር ግን አንድ የግል ፋውንዴሽን ለግለሰብ የትምህርት ገንዘብ ከመስጠቱ በፊት የተማሪ አመራረጡን ለግብር መሥሪያ ቤቱ፣ ለአይአርኤስ፣ አቅርቦ ማስፈቀድ አለበት። ብዙዎቹ ይህን ጣጣ ትተው ለድርጅት ይሰጣሉ፤ ተማሪዎቹን ድርጅቱ ይመርጣል። ስለዚህ «የእገሌን ልጅ የትምህርት ክፍያ ሸፍኑልን» የሚል ደብዳቤ ልቡ ሩኅሩኅ የሆነ ሰው እጅ ቢገባ እንኳ መልሱ አይቻልም ነው።

ልጆቹ የት ላይ ይንጠባጠባሉ?

ኮሌጅ መድረስ አንድ እርምጃ አይደለም። ልጁ ሃይስኩል ይጨርሳል፣ ፋፍሳ የሚባለውን የፌዴራል የገንዘብ ድጋፍ ማመልከቻ ይሞላል፣ ያመለክታል፣ ይቀበሉታል፣ ይመዘገባል፣ ሁለተኛ ዓመት ላይ ይመለሳል፣ ይመረቃል። በየእርምጃው የሚቀሩ ልጆች አሉ። ጥሩ ፕሮፖዛል ከእነዚህ ውስጥ አንዱን ወይም ሁለቱን መርጦ «እኛ የምንሠራው እዚህ ላይ ነው» ይላል። ሁሉንም እንሠራለን የሚል ማኅበር አንዱንም አጥርቶ እንዳላወቀ ያሳብቃል።

ለትንሽ ማኅበር የሚመቸው፣ በእኛ አስተያየት፣ ባለሙያዎች «የክረምት መቅለጥ» የሚሉት ነው። በሜይ ኮሌጅ እገባለሁ ብሎ የወሰነ ልጅ በሴፕቴምበር ክፍል ውስጥ አይገኝም። በተደረጉ ጥናቶች ኮሌጅ ለመግባት ካሰቡት ከ10 እስከ 20 በመቶ የሚሆኑት በዚህ መንገድ ይቀራሉ፤ ዝቅተኛ ገቢ ባላቸው ቤተሰቦች ደግሞ ቁጥሩ ከፍ ይላል። ምክንያቱ ተራ የሚመስል ነገር ነው፦ በጊዜው ያልተከፈለ የማስያዣ ገንዘብ፣ ያልተላከ የክትባት ወረቀት፣ ያመለጠ የምዘና ፈተና፣ ኮሌጁ «ገቢያችሁን አረጋግጡ» ብሎ ልኮት ሳይከፈት የቀረ ኢሜይል። የሃይስኩል አማካሪው በክረምቱ ሥራ ላይ የለም፤ ኮሌጁም ልጁን ገና የራሱ ተማሪ አድርጎ አይከታተለውም። በመሐል ባለቤት የሌለው ሦስት ወር አለ፤ የኮሚኒቲ ማኅበር በስልክም በቤተ ክርስቲያንም በመስጊድም ቤተሰቡን የሚያገኘው በዚያ ጊዜ ነው።

በእኛ ቤተሰቦች ዘንድ ሌላም አለ። የልጁ የመጨረሻ ስም የአባቱ ስም ነው፣ የአባቱ የአያቱ፣ የእናቱ ደግሞ ሌላ። ይህ በራሱ ፋፍሳን አያበላሽም፤ ፎርሙን የሚያየውን ሠራተኛ ግን ግራ ያጋባል። የባሰው ፊደሉ ነው። አንዱ ስም በሶሻል ሴኩሪቲ ካርዱ ላይ በአንድ ዓይነት፣ በግብር ወረቀቱ ላይ በሌላ ዓይነት የላቲን ፊደል ይጻፋል፤ አንድ ፊደል ሲለያይ መረጃው አይገጣጠምም፣ ጉዳዩም ለሳምንታት ይንጠለጠላል። ይህን የመሰለ ዝርዝር በፕሮፖዛል ውስጥ ሲገባ አንባቢው ማኅበሩ ሥራውን በእጁ እንደሚያውቀው ይገባዋል። «ኢትዮጵያውያን ስደተኞች ብዙ ተግዳሮት አለባቸው» ከሚል ገጽ ይልቅ ይህች አንቀጽ ሚዛን ትደፋለች።

ቁጥር ሲጠየቅ ግን ችግር አለ። በብዙ ትምህርት ቤቶች ስታቲስቲክስ ውስጥ የእኛ ልጆች «ጥቁር ወይም አፍሪካ አሜሪካዊ» በሚለው ውስጥ ተጠቃለው ስለሚቀመጡ ለብቻቸው አይታዩም። ማኅበሩ የራሱን መዝገብ መያዝ አለበት፦ ስንት ልጅ መጣ፣ ስንቱ ፋፍሳ ጨረሰ፣ ስንቱ ተመዘገበ። ተማሪው ኮሌጅ ከገባ በኋላ ፌርፓ በሚባለው የ1974 ሕግ መሠረት በትምህርት መረጃው ላይ መብቱ የራሱ ይሆናል፤ ወላጅ ቢጠይቅም ኮሌጁ ላይነግር ይችላል። ስለዚህ መረጃው ለማኅበሩ እንዲሰጥ ልጁ የሚስማማበት ፊርማ ከሃይስኩል ምረቃ በፊት፣ ልጁ ገና ቅርብ ሳለ ይሰብሰብ። ከዚያ በኋላ ናሽናል ስቱደንት ክሊሪንግሃውስ በሚባለው የምዝገባ መረጃ ማዕከል በኩል ማጣራት ይቻላል።

ፋውንዴሽኑን ማንበብ

ማንኛውም የግል ፋውንዴሽን በየዓመቱ 990-ፒኤፍ የሚባል ቅጽ ለአይአርኤስ ያስገባል፤ ቅጹ ለሕዝብ ክፍት ነው፣ በነፃ ይገኛል። ሦስት ቦታ ይታያል። የመጀመሪያው ገጽ አናት ላይ የዓመቱ መጨረሻ ሀብት አለ። 20 ሚሊዮን ዶላር ከሆነ የዓመቱ ወጪ 1 ሚሊዮን ገደማ ነው፤ የአስተዳደር ወጪውም ከዚያው ይቀነሳል። ሁለተኛው ቦታ አንዲት ሣጥን ናት፦ ፋውንዴሽኑ አስቀድሞ ለመረጣቸው ብቻ እንደሚሰጥና ያልተጋበዘ ጥያቄ እንደማይቀበል የምትገልጽ። ምልክት ካለባት ደብዳቤ መላክ ላም አለኝ በሰማይ ነው፤ መንገዱ የቦርድ አባላቱን ስም አይቶ የሚያውቃቸው ሰው መፈለግ ብቻ ነው። ምልክት ከሌለ ደግሞ እዚያው አጠገብ ማመልከቻው በምን መልክ፣ እስከ መቼና ለየትኛው አካባቢ እንደሚቀርብ ተጽፏል።

ሦስተኛውና ዋነኛው ለማን ስንት እንደተሰጠ የሚያሳየው ዝርዝር ነው። አማካዩን ብቻ ማስላት ያታልላል። አንድ ዩኒቨርሲቲ 400 ሺህ ወስዶ ሃያ ትናንሽ ማኅበራት 15፣ 15 ሺህ አግኝተው ሊሆን ይችላል፤ ለእናንተ የሚሆነው ልክ 15 ሺህ ነው። የሦስት ዓመት ቅጽ ጎን ለጎን አስቀምጡ። ተመሳሳይ ስሞች ብቻ ከተደጋገሙ በሩ ጠባብ ነው፤ በየዓመቱ አዲስ ስም ካለ ሰፊ ነው።

ጠያቂው ምን ሊኖረው ይገባል?

501(ሲ)(3) የሚባለው ከግብር ነፃ የበጎ አድራጎት ዕውቅና። አጭሩ ማመልከቻ 275 ዶላር፣ ረጅሙ 600 ዶላር ይከፈልበታል። ዓመታዊ ገቢው 50 ሺህ ዶላር ያልሞላ ማኅበር በየዓመቱ 990-ኤን የተባለውን አጭር ማስታወቂያ በኢንተርኔት ያስገባል፤ ደቂቃዎች ነው የሚፈጀው። ሦስት ዓመት በተከታታይ ካላስገባ ግን ዕውቅናው ያለ ምንም ተጨማሪ ውሳኔ ይሰረዛል። ሊቀ መንበር ሲቀየር የይለፍ ቃሉና ኃላፊነቱ ካልተላለፈ እንዲህ ነው የሚጠፋው። ማንኛውንም ፕሮፖዛል ከመጀመራችሁ በፊት ስማችሁ በአይአርኤስ ዝርዝር ላይ መኖሩን እዩ። ዕውቅና የሌለው ቡድን ዕውቅና ባለው ድርጅት ጥላ ሥር ገብቶ ሊጠይቅ ይችላል፤ ጥላ የሚሆነው ድርጅት ብዙ ጊዜ ከገንዘቡ ከ5 እስከ 10 በመቶ ይወስዳል።

ብዙ ፋውንዴሽኖች ከሙሉ ፕሮፖዛል በፊት ኤልኦአይ የሚሉትን የሁለት ገጽ የመነሻ ደብዳቤ ይጠይቃሉ። የመጀመሪያው ዓረፍተ ነገር ሁሉንም ይያዝ፦ «60 የ12ኛ ክፍል ተማሪዎች በክረምቱ ሳይቀሩ ኮሌጅ እንዲመዘገቡ ለ12 ወራት 48,556 ዶላር እንጠይቃለን።» ትምህርት የዕድገት መሠረት መሆኑን ለትምህርት ፋውንዴሽን ማስረዳት ቦታ ማባከን ነው።

ያ ቁጥር እንዴት መጣ? የግማሽ ቀን አስተባባሪ ደመወዝ 28,000፤ በእሱ ላይ አሠሪው የሚከፍለው የሶሻል ሴኩሪቲና የሜዲኬር ግብር፣ 7.65 በመቶ፣ 2,142፤ ለአምስት የኮሌጅ ተማሪ አማካሪዎች 1,200 ሲባዛ፣ 6,000፤ ለሃያ ልጆች የማስያዣና የትራንስፖርት ድንገተኛ ወጪ 250 ሲባዛ፣ 5,000፤ ለአዳራሽ፣ ለጽሑፍ መልእክትና ለኅትመት 3,000። ድምሩ 44,142። የጽሕፈት ቤትና የሒሳብ ሥራ ወጪ 10 በመቶ፣ 4,414፤ በድምሩ 48,556፣ በአንድ ልጅ 809 ዶላር ገደማ። ክብ ቁጥር፣ 50,000 ተብሎ ዝም፣ ያልታሰበበት መሆኑ ያስታውቃል። የግብሩን መስመር መርሳት ደግሞ በጣም የተለመደ ነው፤ ኋላ ከማኅበሩ ኪስ ይወጣል።

በጀቱ ውስጥ ስኮላርሺፕ ለማስገባት ያሰበ አንድ ነገር ይወቅ። ማኅበሩ ለልጁ 1,000 ዶላር ሲሰጠው ኮሌጁ ከራሱ ድጋፍ 1,000 ሊቀንስበት ይችላል፤ ልጁ ያገኘው የለም፣ ተጠቃሚው ኮሌጁ ሆነ። ሜሪላንድ በ2017 ይህን በመንግሥት ኮሌጆቿ ላይ በሕግ የገደበች የመጀመሪያዋ ስቴት ናት። በሌላ ቦታ ቼኩ ከመላኩ በፊት የኮሌጁን የገንዘብ ድጋፍ ቢሮ መጠየቅና፣ የሚቀነስ ካለ መጀመሪያ ከብድሩ እንዲቀነስ መለመን ያስፈልጋል። የፌዴራል መንግሥቱ ዝቅተኛ ገቢ ላላቸው ተማሪዎች በፋፍሳ በኩል የሚሰጠው የማይመለስ ድጋፍ፣ ፔል ግራንት፣ ከፍተኛው መጠን በ2025-26 የትምህርት ዓመት 7,395 ዶላር ነው፤ አንድ ልጅ ፋፍሳን በጊዜው አስተካክሎ እንዲሞላ መርዳት ከብዙ ትናንሽ ስኮላርሺፖች ይበልጣል።

ገንዘቡ ከመጣ በኋላ

ትልቅ ግራንት ትንሽ ማኅበርን ሊጎዳ ይችላል። ከተቋቋመ አምስት ዓመት ያለፈው የሕዝብ በጎ አድራጎት ድርጅት፣ እንደ ኮሚኒቲ ማኅበር ያለው፣ ባለፉት አምስት ዓመታት ካገኘው ድጋፍ ቢያንስ አንድ ሦስተኛው ከሕዝብ መሆኑን ማሳየት አለበት። ከአንድ ለጋሽ የመጣ ገንዘብ ከጠቅላላው 2 በመቶ ያህሉ ብቻ ይቆጠራል፤ የግል ፋውንዴሽንም እንደ አንድ ለጋሽ ነው። ከፋውንዴሽን 200 ሺህ፣ ከአባላት መዋጮ 100 ሺህ የመጣለት ማኅበር፦ 2 በመቶው 6 ሺህ ነው፤ እያንዳንዱ አባል ከ6 ሺህ በታች ከሰጠ 106 ሺህ ይቆጠርለታል፣ 35 በመቶ፣ አለፈ። ፋውንዴሽኑ 250 ሺህ ቢሰጥ ግን ወደ 31 በመቶ ይወርዳል፤ ያኔ በሌሎች ማስረጃዎች መከራከር ይመጣል። ግራንት ሲገኝ «ከእንግዲህ መዋጮ ቀርቷል» ማለት ለዚህ ነው አደገኛ የሚሆነው። በየወሩ የሚዋጣው ትንሽ ገንዘብ የማኅበሩን ሕጋዊ አቋም ይይዛል።

ኮሚኒቲው ትንሽ ስለሆነ የቦርድ አባል ልጅ ከተረጂዎቹ መካከል መገኘቱ አይቀርም። ነውር አይደለም። አባሉ ከምርጫው ይውጣ፣ መውጣቱም በቃለ ጉባኤ ይጻፍ። ካልተጻፈ ኋላ ማስረዳት ይከብዳል።

ሥራው ኢትዮጵያ ውስጥ ከሆነ መንገዱ ይረዝማል። የአሜሪካ የግል ፋውንዴሽን ለውጭ ድርጅት ሲሰጥ ወይ ተቀባዩ ከአሜሪካ በጎ አድራጎት ድርጅት ጋር እኩያ መሆኑን በሰነድ ያረጋግጣል፣ ወይ ቅድመ ምርመራ አድርጎ፣ ውል አስፈርሞ፣ የእያንዳንዱን ዶላር አወጣጥ በሪፖርት ይከታተላል። ተቀባዩም በኢትዮጵያ የሲቪል ማኅበረሰብ ድርጅቶች አዋጅ ቁጥር 1113/2011 (ዓመቱ በኢትዮጵያ አቆጣጠር ነው) የተመዘገበና የአስተዳደር ወጪው ከ20 በመቶ ያልበለጠ መሆን አለበት።

ጊዜውን ከኋላ ወደ ፊት ቁጠሩት። አብዛኞቹ ቦርዶች በዓመት ከሁለት እስከ አራት ጊዜ ይሰበሰባሉ፤ ከመነሻ ደብዳቤ እስከ ቼክ ስድስት ወር መውሰዱ የተለመደ ነው። በሜይ አስተባባሪ መቅጠር የሚፈልግ ማኅበር 990-ፒኤፉን በሴፕቴምበር ያነባል፣ ደብዳቤውን በኦክቶበር ይልካል። እምቢ ከተባለ በሁለት ሳምንት ውስጥ አመስግኖ «ምን ጎደለን?» ብሎ ጥያቄውን የያዘውን የፋውንዴሽኑን ሠራተኛ፣ ፕሮግራም ኦፊሰሩን፣ ይጠይቃል፤ መልሱን ለቀጣዩ ዙር ያስቀምጣል። ከተፈቀደለት ደግሞ ሪፖርቱ ላይ ከ60ዎቹ 47ቱ ብቻ ተመዝግበው ከሆነ 47 ብሎ ይጻፍ፤ የ13ቱንም ምክንያት አንድ በአንድ ያስቀምጥ።