የመማሪያ ክፍል በአዲስ አበባ ዳርቻ

በከተማዋ ዳርቻ ያሉ ትምህርት ቤቶች ከውጭ ሲታዩ ሌላ ሆነዋል። የጭቃ ግድግዳው በብሎኬት ተተክቷል። በኮዬ ፈጬና በቱሉ ዲምቱ ኮንዶሚኒየሞች መሀል ፎቅ ትምህርት ቤቶች ቆመዋል። ውስጥ ሲገባ ግን ያው ነው፤ ሰሌዳ ከፊት፣ ዴስክ በረድፍ።

ረድፍ የመጣው ከዘመናዊ ትምህርት ጋር ነው። እ.ኤ.አ. በ1908 ዳግማዊ ምኒልክ ትምህርት ቤት ከመከፈቱ በፊት ልጆች በአብዛኛው በቤተ ክርስቲያንና በመስጊድ ግቢ ይማሩ ነበር። የቄስ ተማሪው ጥላ ሥር ቁጭ ብሎ ፊደል ይቆጥራል። አጠገቡ ያለው ዳዊት ይደግማል። ከፍ ያለው ጀማሪውን ያስቆጥራል። የፊትና የኋላ ወንበር የሚባል ነገር የለም።

ነገሩን አስሮ የያዘው ዴስኩ ይመስለኛል። በብዙ የመንግሥት ትምህርት ቤቶች አግዳሚውና ጠረጴዛው በብረት አንድ ላይ የተበየዱ ናቸው። ሦስት ልጅ ይቀመጥበታል። ከ1986ቱ የትምህርት ፖሊሲ በኋላ የቡድን ሥራ ሲበረታታ፣ ኋላም ተማሪዎች በትንንሽ ቡድን የሚደራጁበት «አንድ ለአምስት» ሲመጣ፣ ዴስኩ ንቅንቅ አላለም። የሚዞሩት ልጆቹ ናቸው። አግዳሚው ላይ ፊታቸውን ወደ ኋላ አዙረው ደብተራቸውን ጉልበታቸው ላይ ያደርጋሉ። ያኔ የሚጻፈው ጽሑፍ ደግሞ አይነበብም።

በ1990ዎቹ መጨረሻ ሁለተኛ ደረጃ የገባው ፕላዝማ ረድፉን ይበልጥ አጠበቀው። ተማሪው እንደ ሲኒማ ቤት ተደርድሮ በሳተላይት የሚመጣውን መምህር በቴሌቪዥን ያይ ነበር። መብራት ሲጠፋ ጠመኔ ይነሳ ነበር።

በመንግሥት መለኪያ አንድ የአንደኛ ደረጃ ክፍል 50፣ የሁለተኛ ደረጃ 40 ተማሪ ነው የሚይዘው። ነዋሪው ከትምህርት ቤቱ ቀድሞ በገባበት ሰፈር ይህ ቁጥር ሲታለፍ፣ ከረድፍ ሌላ መላ የለም። ፈረቃ ካለ ደግሞ ክፍሉ የጠዋቱም የከሰዓቱም ነው፤ የማን ሥዕል ግድግዳው ላይ ይለጠፍ?

ፎቁ የፈታው አንድ ችግር አለ። ኮርኒስ በሌለው ቆርቆሮ ሥር የሰኔ ዝናብ ሲወርድ መምህሩ ንግግሩን አቁሞ ሰሌዳ ላይ መጻፍ ይጀምራል። ከላይ ሌላ ፎቅ ካለ ግን የመምህሩ ድምፅ ይሰማል።

ጎላ ያለ ለውጥ የሚታየው ቅድመ አንደኛ ላይ ነው፤ ዝቅ ያሉ ጠረጴዛዎች፣ ትንንሽ ወንበሮች፣ ሥዕል የሞላው ግድግዳ። መኖሪያ ቤት ተከራይተው የሚሠሩ አንዳንድ የግል ትምህርት ቤቶችም አሉ። ሳሎኑ አንድ ክፍል፣ መኝታ ቤቱ ሌላ ክፍል ይሆናል። መጫወቻ ሜዳ የለም ማለት ይቻላል። ክፍሉ ግን ብዙ ልጅ አይችልም፤ ነጠላ ወንበር ከተገዛለት መምህሯ ልጆቹን ክብ አድርጋ ማስቀመጥ አይከብዳትም።