የዝርያ መረጣ፦ ከጤፍ ማሳ እስከ በግ መንጋ

የዝርያ መረጣ ከአንድ ሰብል ወይም መንጋ የተሻለ ባሕርይ ያላቸውን ለይቶ ማራባት፣ ከልጆቻቸውም መካከል እንደገና መምረጥ ነው። አራቢው አዲስ ባሕርይ አይፈጥርም፤ ያለውን ይለያል፣ ያገናኛል። ስለዚህ አንዱ ተክል ከሌላው የበለጠው በዘሩ ሳይሆን ለም መሬት ስለደረሰው ከሆነ መረጣው ከንቱ ድካም ነው።

ጤፍ በዚህ ረገድ አስቸጋሪ ሰብል ነው። አበባው እጅግ ደቃቅ ነው፤ ራሱን በራሱም ያዳቅላል። በዚህ የተነሳ ማሻሻያው ከገበሬ ማሳ የተሰበሰበውን ዘር ከመምረጥ ሳያልፍ ቆይቷል። እ.ኤ.አ. በ1970ዎቹ አጋማሽ ግን ተመራማሪው ታረቀ በርሔ አበባው ማለዳ ለአጭር ጊዜ እንደሚከፈት ደረሱበት። ከዚያ ወዲህ አዳቃዩ የእናትየውን አበባ ሦስት ወንዴዎች በማይክሮስኮፕ እያየ ይነቅላል፤ ጠዋት ደግሞ የአባትየውን ብናኝ ያስነካል። የዚህ ሁሉ ጥንቃቄ ዋጋ ከአንድ አበባ አንዲት ፍሬ ናት።

የደብረ ዘይት ግብርና ምርምር ማዕከል እ.ኤ.አ. በ2006 ያወጣው ቁንጮ የተባለው የጤፍ ዝርያ የተገኘው በዚህ መንገድ ነው። አንዱ ወላጁ ምርታማው ዱከም፣ ሌላው በንጣቱ የታወቀው ማኛ ነው። ዱከም ምርት ቢሰጥም ፍሬው እንደ ማኛ ስለማይነጣ ገበሬው አልጓጓለትም፤ ገበያው ነጭ ይፈልጋላ። የድቅሉ ልጆች የሁለቱን ወላጆች ባሕርይ በየዓይነቱ ቀላቅለው ስለሚወጡ፣ ከየተክሉ አንዳንድ ፍሬ እየተወሰደ ባሕርያቸው እስኪረጋ ለበርካታ ትውልድ ይዘራል፤ ከዚያ በተለያዩ አካባቢዎች ይፈተናሉ። ቁንጮ በሰፊው የተዘራው ቀለም ከምርት እኩል ስለተቆጠረ ይመስለኛል። መጋሸብን ግን አላስቀረም፤ የጤፍ አገዳ ዛላው ሲከብደው ዛሬም ይተኛል።

በእንስሳት ዘንድ ነገሩ ይዘገያል፤ እናት የምትወልደው ጥቂት ነው። ብዙ ሴቶችን የሚያጠቃው፣ ማለትም የሚያስረግዘው፣ አውራው ስለሆነ የመረጣው ክብደት በእሱ ላይ ያርፋል። በመንዝ፣ በቦንጋና በሆሮ በግ አርቢዎች ዘንድ ቶሎ ያደገው ጠቦት ቀድሞ ይሸጥ ስለነበር መንጋውን የሚያጠቃው የቀረው ኮስማና ነበር፤ ይህም ሳይታወቅ የሚደረግ የተገላቢጦሽ መረጣ ነው። እ.ኤ.አ. በ2009 ግድም የተጀመረው ማኅበረሰብ አቀፍ ማሻሻያ ይህን ለማስቀረት የጠቦቶችን ክብደትና የእናቶቻቸውን የመውለድ ታሪክ መመዝገብ ጀመረ። የመጨረሻውን ምርጫ የሚያደርጉት ግን ቁመናውን፣ ቀለሙንና ጅራቱን አይተው አርቢዎቹ ናቸው። የተመረጠው አውራ በጋራ ያገለግላል፣ ያልተመረጠው ይሸጣል ወይም ይኮላሻል። ዘመድ ከዘመድ እንዳይዋለድም አውራው ከጊዜ በኋላ ወደ ሌላ ቡድን መንጋ ይዛወራል።