የላፕቶፕ ቻርጀር ጫፎችና ኦሪጅናል ያልሆኑ አዳፕተሮች

የላፕቶፕ ቻርጀር ሲጠፋ ወይ ሲቃጠል አብዛኛው ሰው መጀመሪያ የሚያደርገው ከሰው ተውሶ ጫፉን መሞከር ነው፣ ከገባ "ይሰራል" ካልገባ "የዚ አይደለም" ይባላል። ግን ጫፉ መግባቱ ስለሚመጣው ኤሌክትሪክ የሚነግረን ነገር የለም። ውጪው 5.5 ሚሊሜትር የሆነውን ክብ ጫፍ ውሰዱት፣ የራውተር 12 ቮልት አዳፕተር ላይም አለ የላፕቶፕ 19 ቮልት ላይም አለ፣ ብዙ ጊዜ የሚለያቸው መሀሉ ላይ ያለው ቀዳዳ 2.1 ነው ወይስ 2.5 የሚለው ብቻ ነው፣ እሱን ደግሞ በአይን መለየት ይከብዳል። የ2.5ቱ ጫፍ ለ2.1 የተሰራ ጃክ (ጫፉ የሚሰካበት ቀዳዳ) ላይ ላላ ብሎ ይገባል፣ ነካ ስታደርጉት ይቋረጣል፣ መልሳችሁ ስታጣምሙት ይሰራል፣ እንደዛ እያለ ጃኩን ይጨርሰዋል።

ይሄ ክብ ጫፍ ለረጅም አመታት የላፕቶፕ ቻርጀር ማለት እሱ ነበር። የውጪው ብረት ኔጌቲቭ የውስጡ ፖዘቲቭ ነው፣ ላፕቶፕ ላይ ይሄ ሲገለበጥ ብዙም አያጋጥምም። መጠኑ ግን እንደየካምፓኒው ነው፣ መጀመሪያ የውጪው ከዛ የውስጡ ስፋት በሚሊሜትር ይጠራል። አሱስና ቶሺባ 5.5 በ2.5፣ ኤሰር 5.5 በ1.7፣ ሌኖቮ አይዲያፓድ 4.0 በ1.7፣ የድሮ ኤችፒ 4.8 በ1.7፣ ከዛ በኋላ ኤችፒና ዴል 7.4 በ5.0 እና ቀጠን ያለው 4.5 በ3.0። ቮልቱም ትንሽ ትንሽ ይለያያል፣ 18.5 አለ 19 አለ 19.5 አለ፣ ሌኖቮ 20 ነው። በ19 እና በ19.5 መካከል ያለው ልዩነት ብዙ ጊዜ ችግር አያመጣም፣ ላፕቶፑ ራሱ ገብቶ የሚመጣውን ቮልት ወደሚፈልገው ያወርደዋል።

ለምን 19 አካባቢ ሆነ ለሚል ሰው መልሱ ባትሪው ጋ ነው። ላፕቶፕ ባትሪ ውስጥ ብዙ ጊዜ ሶስት ወይ አራት ሊትየም ሴል በተከታታይ ተያይዟል፣ አንዱ ሲሞላ 4.2 ቮልት ይደርሳል፣ አራቱ ሲደመሩ 16.8 ማለት ነው። የድሮው የቻርጅ ሰርኪት ቮልት ማውረድ እንጂ መጨመር አይችልም ነበር፣ ስለዚ ባትሪውን ሞልቶ ለመጨረስ ከ16.8 ከፍ ያለ ነገር መምጣት አለበት። አሁን ያሉት ግን ማውረድም ማሳደግም ይችላሉ፣ ታይፕ ሲ ላፕቶፕ ላይ እንዲሰራ ካደረጉት ነገሮች አንዱም ይሄ ነው።

አምፔር ላይ ያለው አለመግባባት ደግሞ ይገርመኛል። "የኔ 3.42 አምፔር ነው የሚለው፣ 4.74 ብሰካበት ያቃጥልብኛል ወይ" የሚል ጥያቄ አያልቅም። አያቃጥልም። ቮልት ከቻርጀሩ የሚመጣ ነው፣ አምፔር ግን ላፕቶፑ የሚስበው ነው፣ ቻርጀሩ ላይ የተጻፈው ከዚ በላይ አልችልም የሚልበት ጣሪያ ነው። ስለዚ ቮልቱ አንድ ከሆነ ትልቅ ዋት (ቮልት በአምፔር ሲባዛ የሚመጣው) ያለውን መሰካት ችግር የለውም፣ ችግሩ የሚመጣው በግልባጩ ነው፣ 90 ዋት የሚፈልግ ማሽን ላይ 45 ዋት ስትሰኩ ቻርጀሩ ይግላል ወይ በየመሀሉ ይጠፋል፣ ወይ ደግሞ ባትሪው ተሰክቶም እየቀነሰ ይሄዳል።

አሁን ወደ መሀል ፒኗ እንምጣ፣ ሰውን የምታሳብደው እሷ ናት። የዴል ቻርጀር ጫፍ ውስጥ መሀል ላይ መርፌ የምታክል ቀጭን ብረት አለች፣ ኤሌክትሪክ አታስገባም፣ ስራዋ ወሬ ማቀበል ነው። አዳፕተሩ ውስጥ ትንሽ የሜሞሪ ቺፕ አለ፣ ላፕቶፑ በዛች ፒን በኩል "ስንት ዋት ነህ" ብሎ ይጠይቀዋል። መልስ ካላገኘ ሲበራ የአዳፕተሩ አይነት ሊታወቅ አልቻለም የሚል መልእክት ያወጣል፣ ከዛ ማሽኑ ይሰራል ግን ባትሪው ቻርጅ አያደርግም፣ ፕሮሰሰሩም ፍጥነቱን ይቀንሳል። ባለቤቱ ባትሪ ይቀይራል፣ ዊንዶውስ ያስጭናል፣ ችግሩ ግን ፒኗ ታጥፋ ወይ ጃኩ ጋ ያለችው ቀጭን ሽቦ ተበጥሳ ነው። የኤችፒ 7.4ም ከውጪ ሲያዩት ያው የዴሉ ነው፣ ዴል ውስጥ ይገባልም፣ ግን ኤችፒ ፒኗን የሚጠቀመው በሌላ መንገድ ስለሆነ ዴሉ አያውቀውም። የሌኖቮ አራት ማዕዘን ጫፍ፣ ቲንክፓድ ላይ በ2013 አካባቢ የመጣው (እዚ ያሉት አመቶች ሁሉ በፈረንጅ ናቸው)፣ ውስጡ ባለ ሬዚስተር (ከረንት የሚገታ ትንሽ እቃ) ነው ዋቱን የሚናገረው፣ የሬዚስተሩን መጠን አይቶ ላፕቶፑ ቻርጀሩ ስንት ዋት እንደሆነ ይለያል። (መልኩ ዩኤስቢ ስለሚመስል ዩኤስቢ ቀዳዳ ውስጥ ለመክተት የሚታገልም አለ።)

አፕል በ2006 ያመጣው ማግሴፍ ሌላ ታሪክ ነው። በማግኔት ነው የሚይዘው፣ ገመዱን ሰው ቢጠልፈው ይላቀቃል እንጂ ላፕቶፑ አይወድቅም። አምስት ፒን አለው፣ በየትኛውም በኩል ቢዞር ይሰራል፣ የመሀሏ ፒን ለወሬ ናት፣ ጫፉ ላይ ያለችውን አረንጓዴና ብርቱካናማ መብራት የሚያዘውም ላፕቶፑ በሷ በኩል ነው። በ2012 ቀጠን ያለው ማግሴፍ 2 መጣ፣ ከድሮው ጋ አይገጥምም፣ ማያያዣ ይፈልጋል። ከዛ ከ2015 ጀምሮ አፕል ቀስ በቀስ ወደ ታይፕ ሲ ሄደ፣ በ2021 ደግሞ ማግሴፍ 3ን ከታይፕ ሲው ጎን መልሶ አመጣው። የማይክሮሶፍት ሰርፌስም የራሱ ማግኔት ያለው ጫፍ አለው።

ይሄን ሁሉ ትርምስ ለማስተካከል ተሞክሯል። በ2014 እና በ2015 ለላፕቶፕ አዳፕተር የሚሆኑ አለም አቀፍ ስታንዳርዶች ወጥተው ነበር፣ ግን ላፕቶፕ አምራቾቹ አልተከተሏቸውም። ያሸነፈው በ2014 የወጣው 24 ፒን ያለው ታይፕ ሲ ነው፣ እሱም ብቻውን ሳይሆን ፓወር ዴሊቨሪ ከሚባለው የመደራደሪያ ደንብ ጋ። ታይፕ ሲ ቻርጀር ሲሰካ ዝም ብሎ 20 ቮልት አይለቅም። መጀመሪያ 5 ቮልት ብቻ ይሰጣል፣ ከዛ "5 አለኝ፣ 9 አለኝ፣ 15 አለኝ፣ 20 አለኝ፣ በዚህን ያህል አምፔር" ብሎ ይዘረዝራል፣ ላፕቶፑ ይመርጣል፣ ከተስማሙ በኋላ ነው ቮልቱ ከፍ የሚለው። የስልክ ቻርጀር ላፕቶፕ ላይ ስትሰኩ የማያቃጥለውም ለዚ ነው፣ ቢበዛ በጣም ቀስ ብሎ ይሞላል ወይ ላፕቶፑ አልቀበልም ይላል። ጣሪያው መጀመሪያ 100 ዋት ነበር፣ በ2021 በወጣው ማሻሻያ 48 ቮልት 5 አምፔር፣ 240 ዋት ደረሰ።

እዚ ጋ ሰው የሚረሳው ኬብሉን ነው። ከ3 አምፔር በላይ የሚያሳልፍ ታይፕ ሲ ኬብል ጫፉ ውስጥ አቅሙን የሚናገር ቺፕ ሊኖረው ይገባል፣ ከሌለው 100 ዋት ቻርጀር ብትገዙም የምታገኙት 60 ዋት ነው፣ ቻርጀሩን "ፎርጅድ ነው" ብሎ መሳደብ ዋጋ የለውም። ጥፋተኛ ኬብል አደገኛም ሊሆን ይችላል፣ የጎግል ኢንጂነር የነበረው ቤንሰን ለዩንግ የታይፕ ሲ ኬብሎችን አንድ በአንድ እየገዛ ሲፈትን በ2016 መጀመሪያ ላይ ውስጡ ሽቦው ተገላብጦ የተሰራ አንድ ኬብል የሚጠቀምበትን ክሮምቡክ ፒክስል ላፕቶፕ አበላሽቶበታል። ሌላው ደግሞ ታይፕ ሲ ቀዳዳ ያለው ላፕቶፕ ሁሉ በሱ ቻርጅ ያደርጋል ማለት አይደለም፣ ለፋይል ማስተላለፊያ ብቻ የሆነ አለ። ዴልም ከደንቡ ወጣ ብሎ በ20 ቮልት 6.5 አምፔር፣ 130 ዋት የሚሰጥ ታይፕ ሲ ቻርጀር ሰርቷል፣ ሌላ ካምፓኒ ላፕቶፕ ላይ ያን ሙሉ 130 አይሰጥም።

ኦሪጅናል ያልሆነ ሲባል ሁለት የተለያዩ ነገሮች በአንድ ስም ይጠራሉ። አንዱ በራሱ ስም የሚሸጥ የሌላ አምራች ቻርጀር ነው፣ ታርገስ፣ አንከር፣ ኬንሲንግተን ምናምን፣ እነዚህን መጥፎ ናቸው የሚል ሰው አላምንም፣ አንዳንዴ ከላፕቶፑ ጋ ከመጣው ያነሱና የተሻሉ ናቸው፣ በተለይ ውስጣቸው በሲሊከን ፈንታ ጋሊየም ናይትራይድ የሚባለውን ቁስ የሚጠቀሙት አዲሶቹ። ሁለተኛው የዴልን ወይ የአፕልን ስም ለጥፎ የሚሸጠው ፎርጅድ ነው። ፎርጅዱ የሚቆጥበው የማይታየው ቦታ ላይ ነው፣ ከግድግዳ የሚመጣው 220 ቮልት ያለበት ጎን እና ወደ ላፕቶፑ የሚሄደው ጎን መሀል መኖር ያለበት ርቀት ይጠባል፣ የትራንስፎርመሩ መሸፈኛ ይሳሳል፣ የኤሌክትሪክ ረብሻ ማጣሪያዎቹ ይቀራሉ፣ የውስጥ ሽቦው ይቀጥናል፣ ላዩ ላይ ግን 90 ዋት ተብሎ ይጻፋል። በ2016 ዩኤል የተባለው የደህንነት ፈታሽ ድርጅት 400 የሚሆኑ ፎርጅድ የአፕል ስልክ አዳፕተሮችን ሲፈትን ከ99 በመቶ በላይ ወድቀዋል፣ የስልክ ናቸው ግን የላፕቶፑም አሰራር ያው ነው።

እኔ ራሴ አንዴ የያዝኩት ኮፒ ቻርጀር ሲሰካ ማውስ ፓዱ ያብድ ነበር፣ ጠቋሚዋ ብቻዋን ትዘላለች፣ ሲነቀል ሰላም። ይሄ ማጣሪያው የተቀነሰ ቻርጀር ግልጽ ምልክት ነው፣ ረብሻው በገመዱ መጥቶ የጣትን እንቅስቃሴ የሚያነበውን ሰሌዳ ያሳስተዋል። በሌላ በኩል የብረት ገላ ያለው ላፕቶፕ ሲሰካ እጅ ላይ ንዝር ንዝር ማለቱ ብቻውን የፎርጅድ ምልክት አይደለም፣ የመሬት ሽቦ (ኧርዝ) የሌለው ባለ ሁለት እግር ሶኬት ላይ ኦሪጅናሉም ያደርገዋል፣ ማጣሪያ ካፓሲተሩ የሚያሳልፈው በጣም ትንሽ ከረንት ነው። ክብደት ማየትም ይመከራል ግን አትመኑት፣ ለማክበድ ብቻ ብረት የሚጨመርበት አለ።

ብዙ ጫፍ ያላቸው ዩኒቨርሳል ቻርጀሮችም አሉ። ጥሩዎቹ የምትሰኩትን ጫፍ አውቀው ቮልቱን ራሳቸው ያስተካክላሉ፣ ርካሾቹ ግን ጎናቸው ላይ ከ12 እስከ 24 የሚንሸራተት ማብሪያ አላቸው፣ ቦርሳ ውስጥ ተነክቶ 24 ላይ ከሄደ ቀጣዩ የሚሰካበት ላፕቶፕ አለቀለት፣ እኔ እንደዚ አይነቱን ቤት አላስገባም። አሁን አሁን ደግሞ ታይፕ ሲን ወደ ድሮው ክብ ጫፍ የሚቀይሩ ኬብሎች መጥተዋል፣ ውስጣቸው ያለች ቺፕ ቻርጀሩን 20 ቮልት ትጠይቅና በክቡ ጫፍ ታወጣለች፣ ለዴል የተሰሩት የመሀል ፒኗንም ወሬ አስመስለው ይመልሳሉ።

የአውሮፓ ህብረት በ2022 ባወጣው ህግ ስልክና ታብሌት ከታህሳስ መጨረሻ 2024 ጀምሮ ታይፕ ሲ እንዲሆኑ አስገድዷል፣ ላፕቶፕ ላይ ደግሞ ግዴታው ከኤፕሪል 28 ቀን 2026 ጀምሮ ነው (ቀኖቹ በፈረንጅ ነው)። አምራቹ የራሱን ጫፍ ጎን ለጎን መጨመር ይችላል፣ እና 230 ወይ 330 ዋት የሚበሉት የጌም ላፕቶፖች ወፍራሙን ክብ ጫፍ ቶሎ የሚተዉ አይመስለኝም።

ቻርጀር ከመቀየራችሁ በፊት የላፕቶፑን ሆድ ገልብጣችሁ ግብአት የሚለውን መስመር አንብቡ፣ ለምሳሌ 19.5 ቮልት 3.34 አምፔር ካለ ብታባዙት 65 ዋት ነው። አዲስ ቻርጀር ሰክታችሁም ገመዱን አጣሞ መያዝ ካስፈለገ ግን ያረጀው ጃኩ ነው። አንዳንዱ ላፕቶፕ ላይ ጃኩ በራሱ ገመድ ስለሚመጣ ነቅሎ ሌላ መሰካት ነው፣ ማዘርቦርዱ ላይ የተበየደ ከሆነ ግን ብየዳ የሚችል እጅ ይፈልጋል።